መንጠቆው የማን ነው?

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ወልደጻድቅ፤

የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛን እንደሆነ ሙቀቱ ትንሽ ረገብ ብሎልናል፤ ከዚራ ሰፈር እኩለ ቀን ላይ ውሻ እንኳ ከዛፍ ጥላ ወጥቶ መሄድ ጀምሯል። እናቴ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማት ነበር፣ የጎረቤት ሠርግ መጣና ዳነች።

አይ፣ አላገባሁም። ለዚህኛው ጥያቄህ መልሴ ካምናው አልተለወጠም። ጥያቄው ያንተ ሳይሆን የእናቴ መሆኑንም አውቄዋለሁ። "ዕድሜ ቆሞ አይጠብቅም" የምትለው እሷ ናት፤ አንተ የሕግ ሰው ነህ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ማስረጃ አትጽፍም።

ሁለተኛው ጥያቄህ ግን አስደነገጠኝ። "የሰው ፕሮግራም ሰርቀሻል የተባለው እውነት ነው ወይ?" ብለሃል። ወሬው እዚያ ድረስ ከደረሰማ ከሌላ ከምትሰማው ከእኔው ስማው።

መጋዘናችን ኮምፒውተር እንደገባለት ታውቃለህ። ከጅቡቲና ከአሰብ የሚመጣው ዕቃ የማን እንደሆነ፣ የት እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደወጣ የሚመዘግብ ነው። ማሽኑ የራሳችን ነው። በውስጡ የሚሠራው ፕሮግራም ግን የውጭ ኩባንያ ነበር፤ በየዓመቱ ውል ይታደስለታል። አምና ክረምት ሊገባ ሲል የውጭ ምንዛሪ አልተፈቀደም ተባለና ውሉ ሳይታደስ ቀረ። ፕሮግራሙም ቀኑን ጠብቆ ቀጥ! ግቢው በዕቃ ተሞልቷል፣ ነጋዴው በር ላይ ይጮኻል፣ ሥራ አስኪያጃችን ጓድ በቀለ "አስካለማርያም፣ ታዲያ ለምን ተማርሽ?" እያለ ይዞረኛል።

ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጬ አዲስ ፕሮግራም ጻፍኩ። ከኩባንያው አንድም መስመር አልወሰድኩም፤ ልውሰድ ብልስ የውስጡን መች አሳይተውን ያውቃሉ? ሳልነካ የተውኩት ትእዛዞቹን ነው። ጸሐፊዎቻችን ዕቃ ሲያስገቡ "አንት" ብለው ይጽፋሉ፣ ሲያስወጡ "ሶር"፣ የቀረውን ለማየት "ሬስ"። ከፈረንሳይኛ የተቆረጡ ናቸው፤ አርባ ያህል ይሆናሉ። ከእያንዳንዱም በኋላ ምን ቀድሞ ምን ተከትሎ እንደሚጻፍ ሥርዓት አለው። ያንን ሁሉ እንዳለ አስቀረሁት።

ለምን አትለኝም? የጸሐፊዎቹን አለቃ ፋዱማን ብታያት አትጠይቀኝም ነበር። እጇ ያንን ለምዷል። እያወራች፣ እየሳቀች፣ ግማሹን ሰው በሶማሊኛ ግማሹን በኦሮምኛ እየዘለፈች ትጽፋለች፤ ስክሪኑን ዞር ብላም አታየው። አዲስ ቃል ባመጣባት እሷም ታለቅሳለች፣ ዕቃውም ይጠፋል። አሰብ ያለው መጋዘንም ዝርዝሩን በዲስኬት የሚልክልን በዚያው ቅደም ተከተል ነው። ብለውጠው አንዱም አይነበብልንም።

አሁን የኩባንያው ወኪል አቶ ማዘንጊያ ከአዲስ አበባ አመልክተዋል። ትእዛዞቹ የእኛ ናቸው፣ ቅደም ተከተሉም የእኛ ነው፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ተሰርቋል ነው የሚሉት። ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ሊቋቋም ነው። ጥፋተኛ ከተባልኩ ፕሮግራሙ ይጠፋል፣ እኔም ከሥራ እባረራለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጓድ በቀለ ሲጀምረው ጆሮዬን እይዛለሁ። እስቲ ንገረኝ፤ በሕግ አንድ ትእዛዝ የማን ነው?

እህትህ አስካለማርያም


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

አስኩዬ፤

ስለ ጋብቻው ጥያቄ ይቅርታ፤ አክስቴ አስገድዳኝ ነው። አንቺ ግን ሳታገቢ ብትቀሪ እንኳ ጠብ ፈልገሽ እንደማታጪ አሁን አወቅሁ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ኮምፒውተር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ የእኛ ቢሮ ገና ከጽሕፈት መኪና ጋር ነው የሚታገለው። የገባኝን ልንገርሽ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ደራሲን ይጠብቃል። መጽሐፍ የጻፈ፣ ዜማ ያወጣ፣ ሥዕል የሣለ ሥራው የራሱ ነው። ሕጉ ሲጻፍ ግን ስለ ኮምፒውተር ትእዛዝ ያሰበ ሰው አልነበረም፣ ስለዚህ ዝም ይላል። ሕግ ዝም ያለ ቦታ ላይ ደግሞ ጮክ ብሎ የተናገረ ያሸንፋል። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

እንደ ወንድም ከሆነ ምክሬ አጭር ነው። ኮሚቴው ሳይመጣ ትእዛዞቹን ለውጪያቸው። መልኩ ካልተመሳሰለ አቶ ማዘንጊያ የሚይዙት የላቸውም።

ደግሞስ ይኼ "የአባት ስም" የሚባለው ነገር ምንድን ነው? አቶ ማዘንጊያ በሄዱበት ሁሉ ያወሩታል አሉ። እኛ ቢሮ ድረስ መጥቶ ሰው ይስቅበታል፤ እኔ ግን በምን እንደሚስቁ እንኳ አልገባኝም።

ወልደጻድቅ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፤

ሳቁባት፣ እኛም ስንስቅባት ነው የኖርነው።

የኩባንያው ፕሮግራም በፈረንጅ ልማድ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም ከየት እናምጣ? ጸሐፊዎቹ የአባት ስም ይሞሉበታል፣ ከዚያ የባለቤቱን። ማሽኑም እንደዚያው አትሞ ያወጣዋል፣ በር ላይ ያለው ጠሪም እንደታተመው ይጣራል። ስለዚህ ነጋዴው ሰማታር መሐሙድ እኛ ግቢ ሲገባ "መሐሙድ ሰማታር!" ነው። አባቱ መሐሙድ ከሞቱ ቆይተዋል። ሰማታር መጀመሪያ ጊዜ ቱግ አለ።

"አቦ! ሙት ትጠራላችሁ እንዴ? ተነሥቶ ቢመጣስ?"

ፋዱማ መስኮቱን ከፍታ፣ "ከመጡማ እሳቸው ይፈርሙልን። ካንተ ይሻላሉ፣ አይጨቃጨቁም!" አለችው።

አሁን ለምዶታል። እንዲያውም አንድ ቀን ለብቻችን ሆነን፣ "ወላሂ፣ ሳይጠሩት ሲቀሩ ይከፋኛል። ስሙን ከእኔ ሌላ የሚያነሣው ሰው አልነበረም" አለኝ። አየህ፣ በስህተት የገባ ነገር እንዴት ቤተኛ እንደሚሆን።

አቶ ማዘንጊያ የያዙት ይህችን ነው። "የአባቱን ስም ከራሱ ስም የሚያስቀድም አበሻ የት አለ? ከእኛ ካልወሰደችው ከየት አመጣችው?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የመጣው ከእነሱ ነው።

ለውጪ ያልከኝን ግን አልለውጥም። ተቆጣኝ፣ አልለውጥም። ዛሬ ብለውጥ ሰርቃ ደበቀች ነው የሚባለው። ደግሞም የሚደበቅ ነገር የለኝም። አንተ እዚህ ስታድግ ጣቢያው አጥር ላይ ተንጠልጥለህ ባቡር ስታይ አልነበር የምትውለው? ሎኮሞቲቩ ከአንድ አገር ነው፣ የሰው ፉርጎው ከሌላ አገር፣ የከብቱን ፉርጎ እዚሁ ጋራዡ ውስጥ ቀጥቅጠው ያወጡታል። አንድ ላይ የሚሄዱት መንጠቆው ስለሚገጥም ነው። መንጠቆውን መጀመሪያ ያበጀ ሰው መጥቶ "ይኼ የተቀጠለው ፉርጎ ሁሉ የእኔ ነው" ቢል ማን ይሰማዋል? ትእዛዞቹ መንጠቆ ናቸው፤ ፉርጎውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ይኼ ክርክር ኮሚቴ ፊት ይቆማል ወይ? የሚመጡትስ እነማን ናቸው? ቶሎ ጻፍልኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ ባልልህም ከእናቴ ጋር መጣላት አብዝቻለሁ።

አስካለማርያም


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 29 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለወይዘሪት አስካለማርያም ገብረወልድ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴና ልጆቼም ደህና ናቸው፤ ትንሿ ጥርስ አበቀለች። ብርዱ በርትቷል፣ ሰማዩ ግን ሰሞኑን ጥርት ያለ ነው። ለአክስቴ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ስለ ጠየቅሽኝ ነገር የምጽፈው የለኝም። ለጊዜው እንዲህ ያለ ጥያቄ ባትልኪልኝ እወዳለሁ።

ወልደጻድቅ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአቶ ወልደጻድቅ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህም ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አየህ፣ እኔም እችልበታለሁ።

ለትንሿ ጥርስ እንኳን ደስ ያላችሁ። እናቴ "ምን ብለሽ አስቀየምሽው?" እያለች ትነዘንዘኛለች። ደብዳቤህን ለፋዱማ ባነብላት "ፈርቶ ነው" አለችኝ።

"ለእኔ ነው ለራሱ?"

"ሀዬ! ወንድ ሲፈራ ለማን እንደፈራ ራሱስ መች ያውቀዋል?"

የሕግ ጥያቄ ከእንግዲህ አልጠይቅህም። ወሬ ግን አልነፍግህም፤ ወሬ የሰው ሐቅ ነው። ኮሚቴው መጥቶ ሄደ። ሦስት ሰዎች ናቸው፣ አቶ ማዘንጊያም አብረዋቸው አሉ፤ አራቱም የደጋ ሱፍ ለብሰው። እኛ "ቀዘቀዘ" ብለን ሹራብ ስንፈልግ እነሱን ላብ ያጠምቃቸዋል። አየር ማቀዝቀዣ ያለው ለማሽኑ ክፍል ብቻ ስለሆነ ለምርመራ ገቡና በዚያው ቀሩ። "ምርመራው የረዘመው የጥፋቱ ብዛት ሳይሆን የውጪው ሙቀት ነው" ብሏል ዘበኛችን ዳሂር። ያ ክፍል ሁሌም እንደዚያው ነው። ከምሳ በኋላ ከተማው ሲተኛ ያልተኛው ሁሉ ሐሜቱን ይዞ እኛ ጋ ነው የሚመጣው።

ከሦስቱ አንዱ የኮምፒውተር አዋቂ ነው። አቶ ማዘንጊያ ይዘው የመጡትን የኩባንያውንም የእኔንም ፕሮግራም ውስጡን በወረቀት አስወጥቶ ጎን ለጎን ዘርግቶ ሲያነብ ሰነበተ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። አቶ ማዘንጊያ ስለ አባት ስም ሲጠይቁኝ ምን ብዬ እንደመለስኩ ለመጻፍ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ ተውኩት። አልዋሸሁም፣ ያንን ብቻ እወቅ።

ውሳኔው እስኪመጣ የማሽኑን ክፍል ቁልፍ ወስደውብኛል። ፋዱማ ውስጥ ትሠራለች፣ እኔ በረንዳ ላይ ካርቶን እቆጥራለሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም። አንተም አትንገራት።

አስካለማርያም ገብረወልድ


አዲስ አበባ፣ ጥር 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

አስኩዬ፤

"ለአቶ ወልደጻድቅ" የሚለውን እንዳየሁ ደብዳቤውን ኪሴ ከተትኩት፤ ቤት ገብቼ በር ዘግቼ ነው የጨረስኩት። ይገባኛል።

አሁን መናገር ስለምችል ልናገር። ኅዳር ላይ ጉዳይሽ የሕግ አስተያየት ይሰጥበት ተብሎ እኛ መሥሪያ ቤት መጣ። ያረፈውም እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የመንጠቆውን ነገር የጻፍሽልኝ ደብዳቤ በደረሰኝ ሰሞን። ዘመዴ መሆንሽን ቢሮው ውስጥ የሚያውቅ የለም። አስተያየቱን ልጽፈው እችል ነበር፣ አሳምሬ እጽፈው ነበር። ግን አንድ ቀን አቶ ማዘንጊያ "የአክስቱ ልጅ ናት" ብለው ቢደርሱበት የተፈረደልሽ ሁሉ ይገለበጣል፣ ያን ጊዜ የሚያነሣሽ የለም። ስለዚህ ለአለቃዬ "ዘመዴ ናት፣ ለሌላ ሰው ይሰጥልኝ" አልኩት። ሰጠው። እኔንም እስኪያልቅ ድረስ ካንቺ ጋር በጉዳዩ ላይ አንዲት ቃል እንዳልጻጻፍ አስጠነቀቀኝ። ይህንን እንኳ ልነግርሽ አልቻልኩም። የቀረኝ የልጄ ጥርስ ነበር፣ እሱን ጻፍኩልሽ።

ፋዱማን ለሁለታችንም ነው የፈራው በያት።

ለውጪ ያልኩሽን እንኳን አልሰማሽኝ። ውሳኔው ወጥቷል፤ ምን እንደሚል አውቃለሁ፣ ነገር ግን በመሥሪያ ቤትሽ በኩል ስሚው። ሁለተኛውን አንቀጽ ስታነቢ ቀስ ብለሽ ይሁን።

በረንዳው ጥላ አለው ወይ?

ወልደጻድቅ


ድሬዳዋ፣ የካቲት 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፤

አለው፤ እስከ አራት ሰዓት ድረስ። "አቶ" ያልኩህን ሰርዝልኝ። ፋዱማም ሰምታ "እንግዲያው ደህና ወንድም ነው፣ ሚስት ባይኖረው ጥሩ ነበር" ብላለች።

ውሳኔውን ጓድ በቀለ በውይይት ክበብ ላይ ቆሞ አነበበው። "ትእዛዞቹና ቅደም ተከተላቸው ሰው ከማሽን፣ ማሽንም ከማሽን የሚገናኝባቸው መንገዶች እንጂ የማንም የግል ድርሰት አይደሉም፤ የፕሮግራሙ ውስጥ ራሱን የቻለ የተለየ ሥራ ሆኖ ተገኝቷል" ይላል። ፋዱማ እልልታዋን ለቀቀችው። ሰብሳቢው "ጓዲት፣ ስብሰባ ላይ ነን!" ሲላት "ይቅርታ ጓድ፣ ሰው ሲስቅ ሳይ ሠርግ መስሎኝ" አለች።

ከዚያ ሁለተኛው አንቀጽ ተነበበ። ፕሮግራሙ በደመወዝ የተሠራ ስለሆነ የድርጅቱ ንብረት ነው፤ ሲከፈት የሚታየው የግለሰብ ስም ይሰረዝ ይላል። ለካ አልነገርኩህም። ማሽኑ ጠዋት ሲከፈት "አስካለማርያም ገብረወልድ ጻፈችው" የሚል መስመር ይመጣ ነበር። ማንም ሳያዘኝ ያስገባሁት ነው፤ ደራሲ መጽሐፉ ላይ ስሙን ይጽፍ የለ?

ቁልፉን ሲመልሱልኝ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱን ማጥፋት ሆነ። ፋዱማ "ውጪ፣ እኔ ላጥፋልሽ" ብላኝ ነበር። እኔ የጻፍኩትን እኔው ላጥፋው አልኳት። አንዲት መስመር ናት፣ ጣት አያደክምም። ሲያልቅ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሐሜተኛ ሁሉ ጫማውን ያያል።

ደስ ብሎሻል ወይ ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል፤ አዎ፣ ደስ ብሎኛል። ሥራዬን አላጣሁም፣ ሌባ አልተባልኩም። ለኩባንያው ያልነበሩ የራሴን ትእዛዞችም መጨመር ጀምሬአለሁ። ዝናብ የነካውን ዕቃ ለይታ የምታወጣ አንዲት አለች፤ ብታያት ትወዳታለህ።

አስኩ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

አስኩዬ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። አሁን የምጽፍልሽን ቆመሽ አታንብቢው።

ጓድ በቀለ አመልክቷል። አሰብ መጋዘን የሚሠራ ኢስሃቅ የሚባል ፕሮግራመር አንቺ የጨመርሻቸውን አዳዲስ ትእዛዞች ወስዶ የራሱ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቷል ይላል። ዲስኬት ስትላላኩ አይቷቸው ይሆናል። "ትእዛዞቹ የእኛ ናቸው፣ ተሰርቀናል" የሚለውን ሳነብ አቶ ማዘንጊያ የጻፉት መስሎኝ ፊርማውን ገልብጬ አየሁ።

አሁን ምንም አልደብቅሽም። ጉዳዩ ወደ እኔ እንዳይመራ ገና ሲመጣ ተናግሬያለሁ፣ በዚህኛው ደግሞ እንዳልጽፍልሽ የከለከለኝ የለም፤ ስለዚህ እንደ ወንድም ልጽፍልሽ እችላለሁ። ማመልከቻው ያንቺን ምስክርነት ይፈልጋል፤ ካልፈረምሽ ወዴትም አይሄድም። ከፈረምሽ ደግሞ በመንግሥት መዝገብ ላይ "የፕሮግራሙ ደራሲ ጓዲት አስካለማርያም ገብረወልድ" ተብሎ ይሰፍራል። ቃሉ እንደዚያ ነው፣ "ደራሲ"። ልጁ ደግሞ አንቺ በረንዳ ላይ የተቀመጥሽውን መቀመጥ ይጀምራል።

አልመክርሽም። ባለፈው መክሬ ያገኘሁትን አይቻለሁ። ትፈርሚያለሽ?

ወልደጻድቅ


ድሬዳዋ፣ ግንቦት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፤

እንኳን አብሮ አደረሰን፤ ዘግይቼም ቢሆን። እናቴ ለትንሿ ከቀፊራ ገበያ ቀሚስ ገዝታ በሰው ልካለች። ሰፋ ያለ ነው፤ "ታድግበታለች" ብላለች።

እውነቱን ልንገርህ? ደብዳቤህን ሳነብ ቆሽቴ አረረ። ያ ልጅ! ሳይጠይቀኝ! አንዲት መስመር ጽፎ "እህቴ ሆይ፣ ልጠቀምበት" ቢል ምን ነበረበት? ያን ዕለት ለአቶ ማዘንጊያ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩላቸው።

ጓድ በቀለ ወረቀቱን አምጥቶ "እዚህ ጋ ፈርሚ" ሲለኝ "ደራሲ" የምትለዋን አየኋት። ቆንጆ ቃል ናት።

"ካልፈረምኩ ስሜ ሌላ ቦታ አይጻፍም ማለት ነው?" አልኩት።

"የትም!" አለኝ፤ ደስ ብሎት።

አስቤ ልምጣ ብዬ ማሽኑ ክፍል ገባሁ። ከአሰብ የመጣ ዲስኬት ነበር፤ የሰረቀኝን እስቲ ልየው ብዬ ከፈትኩት። የእኔ የርጥብ ዕቃ ትእዛዝ አንድ ጣጣ አለባት። ዝናብ የነካው ጆንያ ወረቀቱ ላይ ካለው ክብደት ይበልጣል፣ ፕሮግራሙ ይደናገራል፣ ይቆማል። ከየካቲት ጀምሮ ስታገላት ነበር። የኢስሃቅን ዝርዝር ሳየው ለአንድ ጆንያ ሁለት ክብደት አስቀምጧል፤ የርጥቡንና ሲደርቅ የተመዘነውን። ሁለት! እኔ ክብደት አንድ ብቻ ነው ብዬ ራሴን ስፈጅ!

"ለምን አልመጣልኝም?" ብዬ ጮኽኩ።

ፋዱማ ቀና ሳትል "እሱ የባሕር ዳር ልጅ ነው፣ አንቺ የበረሃ። ስለ ውሃ ምን ታውቂያለሽ?" አለች።

ተመልሼ ለጓድ በቀለ አልፈርምም አልኩት።

"እንዴ! የእኛ ትእዛዝ እኮ ነው!"

"እኛ የኩባንያውን ስንወስድስ የማን ነበር?"

"ያ ሌላ ነው። ያ የካፒታሊስት ነው።"

"ጓድ፣ ያን ዕለት ውሳኔውን ቆመህ ያነበብከው አንተ ነህ። ካፒታሊስት የሚል አልነበረበትም።"

ወረቀቱን አጠፈው። "እኔ ስምሽ እንዲነሣ ብዬ ነበር" አለኝ ዝቅ ብሎ፤ እውነቱን ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። አመሰገንኩት። ወረቀቱ መሳቢያው ውስጥ ሲገባ ግን ትንሽ አመመኝ፤ ላንተ አልዋሽህም።

ከዚያ ለኢስሃቅ ጻፍኩለት። ስለ መውሰዱ አላነሣሁበትም። ርጥቡን ከደረቁ እንዴት እንዳለያየው አስረዳኝ አልኩት። ትናንት አንድ የአሰብ የከባድ መኪና ሾፌር "ፕሮግራም የምትጽፈው ሴትዮ የታለች?" እያለ እየጮኸ ግቢ ገባ፤ ዳሂር ዕዳ ያለብኝ መስሎት ደብቆኝ ነበር። ልጁ ውስጡን ሙሉ ጽፎ ልኮልኛል፣ አንድም ነገር አልደበቀም። ጽሕፈቱ የሐኪም ነው። ሲነበብ ግን ወንድም ጋሼ፣ አቤት አሠራር!

ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዲት ስህተት አግኝቻለሁ። ትንሽ ናት፣ ግን ጆንያው ሁለት ጊዜ ከረጠበ ከዝርዝሩ ትበላዋለች። መላው የታየኝ ይመስለኛል። ደብዳቤዬ እዚህ ላይ ይቁም፤ ፋዱማ ለምሳ ተነሥታለች፣ ማሽኑ ለእኔ ተለቋል።

አስካለማርያም